የአባባ ቀይ መስታወት

«መሃል ላይ ባትቀመጥ ኖሮ እኮ በመቀስ እንገላገል ነበር» አለች የጋሼ ሚስት፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

ሚጣ ከመጋረጃው ጀርባ የፎቶ ወረቀት እየቆረጠች ነበር። መቀሱ እጇ ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፎቶ ቤቷ ጠባብ ናት፤ ከፊት ደንበኛ የሚቀመጥባት አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ኮምፒውተሩና ማተሚያው፣ በመሃል ደግሞ አባቷ ፊልም በሚያጥብበት ዘመን የሰቀለው ወፍራም ጥቁር መጋረጃ። መጋረጃው ብርሃን እንጂ ወሬ አይከለክልም። በዚህ የተነሳ ሚጣ የሰፈሩን ግማሽ ገበና ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን «ለመታወቂያ ነው» ብሎ የተነሳውን ፎቶ ለማን እንደላከ። ስሟም ቢሆን ሰፈሩ ያወጣላት ነው፤ ፀጉሯ ሽበት እየጣለበት እንኳ ሚጣ ከመባል አልዳነችም። የራሷን ቤተሰብ ገበና ግን በዚህ መጋረጃ በኩል ሰምታ አታውቅም ነበር።

«መቁረጥ ምን ያስፈልጋል?» አለ ታላቅ ወንድሟ። ጋሼ የሴራሚክ ነጋዴ ነው፤ መጋዘን ውስጥ መጮህ ስለለመደ ማንሾካሾክ አይችልበትም፤ ስልክ እንኳ የሚያወራው ድምጽ ማጉያውን ከፍቶ ነው። «አባባ ያደርግ እንደነበረው ታድርጋ። አባባ ባነሳቸው ፎቶዎች ላይ የእቴቴ ምልክት ታይቶ ያውቃል? አያውቅም። እሱም ያፍርባት ነበር እኮ፤ አይናገርም እንጂ።»

ሚጣ መቀሱን አስቀመጠች።

እቴቴ የሚሏት የአባታቸውን ታናሽ እህት ነው። እናታቸው ሚጣን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስትሞት፣ ሁለቱን ልጆች አቅፋ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ከግራ ዓይኗ ሥር ጀምሮ ጉንጯን ሞልቶ እስከ መንጋጭላዋ የሚወርድ፣ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት የሚመስል ቀይ ምልክት አብሯት ተወልዷል። ሰዎች ሊያጽናኗት ብለው «ማርያም ስማሽ ነው» ሲሏት፣ «ይህን ያህል ከሳመችኝማ ምን ያህል ብትወደኝ ነው!» ትላለች። ጡረታ እስክትወጣ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች፤ የከተማው ግማሽ ፊቷን ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት የጋሼ ልጅ ስትዳር፣ እቴቴ ጠዋት ሙሽሪትን ስታለባብስ አረፈደች። ኋላም ሙሽራው ከነሰዎቹ ሳይደርስ ግቢው ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ሲነሱ ሙሽሪት እጇን ይዛ ጎትታ ከመሃል ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ፎቶውን ያነሳችው ሚጣ ናት። ምሳው ላይ ግን እቴቴ አልነበረችም። «ግርግሩ ይከብድሻል፤ አንቺ እረፊ» ብሎ ጋሼ ራሱ በመኪናው ወደ ቤቷ መልሷታል። የሙሽራው ቤተሰቦች እንዲህ ያለች ሴት መኖሯንም አያውቁም። ዛሬ ከሰዓት እነዚያው ሰዎች ጋሼ ቤት ሊመጡ ነው፤ ፎቶውም በትልቁ ታትሞ፣ እንደ አባባ ሥራ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሊጠብቃቸው ነው።

ሚጣ ሰምታ እንዳልሰማች የምትሆን ሴት አይደለችም። መጋረጃውን ገለጠችው።

«ኑ ግቡ» አለቻቸው። «እዚያ ሆናችሁ ስታወሩ ለኔ ደህና ይሰማል፤ ለእናንተ ግን ስክሪኑ አይታያችሁም።»

ሚስትየዋ ቦርሳዋን ከፍታ የማትፈልገውን መሀረብ መፈለግ ጀመረች። ጋሼ አንዴ ሳል ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ገባ።

ከኮምፒውተሩ በላይ ባለቀለም የጠርሙስ ክዳኖች የተለጠፉበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። ደንበኞች የልጅ መጫወቻ ይመስላቸዋል። የሚጣ ኩራት ግን ያ ሰሌዳ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ግራጫ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አባቷ ግን ሌንሱ ፊት ባለቀለም መስታወት እየገጠመ የቱ እንደሚነጣ፣ የቱ እንደሚጠቁር ራሱ ይወስን ነበር። መስታወቱ የራሱን ቀለም ያነጣል፤ የማይስማማውን ያጠቁራል። ሚጣ ያንኑ ኮምፒውተር ላይ ለማምጣት ስትል፣ በአባቷ ካሜራና ከእሱ በተረፈ ፊልም ክዳኖቹን በየመስታወቱ አነሳቻቸው፤ ከዚያ በራሷ ዲጂታል ካሜራ አነሳቻቸው፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ክዳን ግራጫ ከአባቷ ግራጫ ጋር እስኪገጥም ድረስ ስክሪኑ ላይ የየቀለሙን መጠን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ከረመች። ሲገጥምላት «የአባባ ቀይ»፣ «የአባባ ቢጫ»፣ «የአባባ አረንጓዴ» ብላ አስቀመጠቻቸው። አሁን አንዴ ጠቅ ስታደርግ አባቷ ያነሳው የሚመስል ፎቶ ይወጣላታል። በከተማው ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም፤ እሷም ይህን ለመናገር አታፍርም።

«የአባባን ቀይ አይደል የምትፈልገው?» አለችው ወንድሟን። «ይኸውልህ።»

ጠቅ አደረገችው። ፎቶው ዓይናቸው እያየ የድሮ ሆነ። ሰማዩ ጠቆረ፤ ደመናው በዚያ ላይ ነጭ ሆኖ ተነሳ። የእቴቴ ጉንጭ እንደተላጠ እንቁላል ጥርት አለ።

«ይኸውና! አባባ ራሱ!» ጋሼ ጭኑን መታ መታ አደረገ።

ሚስቱ ግን መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ቀሚሴስ?»

ቀሚሷ ቀይ ነበር፣ ደማቅ ቀይ። ጨርቁን ከየት እንዳስመጣች፣ ልብስ ሰፊዋ ስንት እንዳስከፈለቻት የሰርጉ እንግዳ በሙሉ ሰምቷል። አሁን ግን ከሙሽሪት ጎን የቆመችው ሌላ ነጭ ለባሽ ሴት ነበረች፤ ያውም ፊቷ የገረጣ።

«ልጁ ሁለት ያገባ መሰለ እኮ!» አለች። «ከንፈሬስ? ከንፈሬን ምን በላው?»

«ቀይ መስታወት ቀይ ሲያይ አይመርጥም» አለች ሚጣ፣ ሳቋን እንደምንም ውጣ። «የእቴቴን ጉንጭ ሲያነጣ ያንቺንም ቀሚስ ያነጣል፤ ሊፒስቲክሽንም ይጠርጋል። የግቢውን ቅጠል ደግሞ እዪው፣ ከሰል መስሏል። ሰማዩም በሰርጋችሁ ቀን ዝናቡን ሊያወርደው ነው።»

«እንግዲያው ቀሚሱን መልሽውና ጉንጯን ብቻ አጥፊው» አለ ጋሼ። «ኮምፒውተር አይደለም እንዴ? የኔን ቡግር ለመታወቂያ ስታጠፊ አላቅማማሽም።»

«ያንተ ቡግር በሳምንቱ ራሱ ጠፍቷል። ይኼ ግን እቴቴ ናት።»

ሚስትየዋ ከስክሪኑ ላይ ነጭ ቀሚሷን ላለማየት ወደ ክዳኖቹ ሰሌዳ ዞረች።

«ሚጣዬ» አለ ጋሼ። ሚጣዬ የሚላት ሊያዝዛት ሲል ነው። «እኔ እኮ ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። ሰዎቹ ገና አላወቁንም። ‹በዘር የሚወርድ ነው› ብለው ልጄን በሌላ ዓይን ቢያዩብኝስ? ነገ ስትወልድ ሕፃኑን ገና ከመታቀፋቸው በፊት ጉንጩን ቢፈትሹብኝስ? አባባ ቢኖር ይህንኑ ያደርግ ነበር። እንግዶቹ ሳይደርሱ ፎቶው ግድግዳዬ ላይ ይሁን።» ይህን ብሎ ሚስቱን አስከትሎ ወጣ።

ሚጣን ያበሳጫት ትዕዛዙ አልነበረም። የጋሼን ትዕዛዝ ከልጅነቷ ጀምሮ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ስታፈስ ነው ያደገችው። የከነከናት የአባቷ ነገር ነው። ምልክቱን ለማጥፋት ሻይ እስኪቀዘቅዝ አይፈጅባትም፤ እጇ የለመደው ሥራ ነው፤ ግን አባቷ በእህቱ ያፍር ከነበረ፣ እሷ ይኼን ሁሉ ዘመን ስትኮራበት የኖረችው የማን እጅ ነው? ቀና ብላ የፎቶ ቤቱን ግድግዳ አየች። እቴቴ ሐይቁ ዳር፣ እቴቴ ድልድዩ ላይ፣ እቴቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ሜዳው መሃል። በሁሉም ሰማዩ ጥቁር ነው፤ በሁሉም ጉንጯ ጥርት ያለ ነው። ልጅ ሆና ካሜራ ጨዋ ስለሆነ የሰውን ጉድለት አያይም ብላ ታምን ነበር። አድጋ መስታወቶቹን ስትወርስ ደግሞ፣ አባባ ለእህቱ አዝኖ የሚያደርገው ነው ብላ ደመደመች፤ ይህንንም ለማንም ሳትነግር በሆዷ ይዛ ትወደው ነበር። አሁን ወንድሟ ያንኑ ነገር አንስቶ በሌላ ፊቱ አሳያት፤ የትኛው እውነት እንደሆነ ደግሞ ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። ያዘነም ያፈረም እጁ የሚሠራው ያንኑ ነው።

ተነስታ ፎቶውን በሦስት ዓይነት፣ በትንሽ በትንሹ አተመችው፤ አንዱ በአባባ ቀይ፣ አንዱ ያለምንም መስታወት፣ አንዱ በአባባ አረንጓዴ። ከዚያ በሩን ቆልፋ መንገዱን ተሻገረች።

እቴቴ የምትኖረው ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል ነው። ምድጃው ከሥር ስለሚነድ ወለሉ ዓመት ሙሉ ሞቅ ያለ ነው፤ ቤቱም ዳቦ ዳቦ ይላል። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ። ሚጣ ስትገባ እቴቴ የምስር ሾርባ እየጨለፈች ነበር፤ ሰው እንደሚመጣ ያወቀች ይመስል ሁለት ሳህን አውጥታለች።

«ፊትሽን ምን አጠቆረው? ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?»

«ከማንም።»

«እንግዲያው ብዪ።»

በሉ። እቴቴ ስለ ዳቦ ቤቱ አዲስ ሠራተኛ ጨው አበዛዝ እያወራች፣ ሚጣ ማንኪያዋን እያዟዟረች። ሳህኖቹ ከተነሱ በኋላ ሚጣ ሦስቱን ትንንሽ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። እቴቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መነጽሯን አደረገች። በቀዩ ጀመረች፤ ብዙ አየችው።

«ቆንጆ ሴትዮ ናት» አለች። «ማን ናት?»

ሚጣ ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። በምትኩ ጥያቄው ከአፏ አመለጣት። «እቴቴ፣ አባባ ያፍርብሽ ነበር?»

እቴቴ በመነጽሯ በላይ አየቻት። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ሚጣ ፎቶዎቹን ማስተካከል ጀመረች። እቴቴም ማን እንዳለ ገባት፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም። መስኮቱን ከፈት አደረገችው፣ መልሳ ዘጋችው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድንገት ሳቀች፤ አልጋው ሲጥ ሲጥ እስኪል ሳቀች።

«አባትሽ ይወድ የነበረው ደመና ነው» አለች። «ሰማዩ ካልጠቆረለት፣ ደመናው እንደ ጥጥ ካልተነሳለት ፎቶ ያነሳ አይመስለውም። ያን ቀይ መስታወት አንዴ ከገጠመ ማን ያስወልቀዋል? ደመና እስኪመጣ ብሎ ፀሐይ ላይ ገትሮን፣ አንቺ ስታለቅሺ፣ ወንድምሽ ሽንቴ መጣ ሲል! ሰዉስ ቢሆን ያን ሰማይ ፈልጎ አልነበር እንዴ የሚሰለፈው? የኔ ጉንጭ መጥፋቱን ያየሁት እኔ እንጂ እሱ መች አየ! ‹ወንድሜ፣ እኔን የት አደረስከኝ?› ስለው ፎቶውን አገላብጦ አገላብጦ ‹እውነትም!› አለ። ደነገጠ ምስኪን። ‹መስታወቱን ላውልቀው?› አለኝ። ሰማዩን አየሁት፤ ያምራል። ‹ተወው፤ ጉንጬን ማየት የፈለገ ትኬት ይቁረጥ› አልኩት።»

«እኔ እኮ ለአንቺ አዝኖ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር» አለች ሚጣ።

«ደግ ነበር አባትሽ። ግን በዚህ አይደለም።»

ሚጣ ቀዩን ፎቶ አንስታ ሰማዩን ደግማ አየችው። ወዲያውም በራሷ ተናደደች። ቀይ መስታወት ብርሃን ይበላል፤ ሜዳ ላይ ፀሐይ ስላለ ይቻላል፤ ቤት ውስጥ ግን በዚያ ዘመን ፊልም የሚታሰብ አይደለም፤ ጨለማ ብቻ ነው የሚወጣው። ይህን እሷ ናት ለሰው የምታስተምረው። አባባ ቤት ውስጥ ያነሳው ፎቶ ካለ ያለ መስታወት ነው ያነሳው ማለት ነው፤ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ የደጅ ስለሆኑ አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

«ቤት ውስጥ ያነሳሽ አለ?»

እቴቴ በአገጯ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት አመለከተች። ሚጣ ወንበር ላይ ወጣች። በጨርቅ የተጠቀለለ ክፈፍ አገኘች፤ አቧራውን እፍ ብላ ስትገልጠው የድሮው ቤታቸው መስኮት ታያት፤ ከመስኮቱ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን፣ ወጣቷ እቴቴ፣ ጭኗ ላይ ደግሞ ገና ጥርሱ ያልሞላ ጋሼ። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትንሹ ጋሼ መዳፉን ልክ እሱ ላይ ለጥፎ አንቀላፍቷል፤ ምልክቱ በጣቶቹ መሃል ይተርፋል።

«እጁን እዚህ ካልጫነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር» አለች እቴቴ፣ ከታች ሆና። «ይኼኛው ይሞቃል ይለኝ ነበር። ያኛውን ጉንጬን ብሰጠው እምቢ ይላል።»

ሚጣ ፎቶውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እዚያው ካለሽ ያንን የጫማ ካርቶን አቀብዪኝ» አለች እቴቴ።

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ይናፈስ።»

ካርቶኑ ውስጥ የሰርጉ ዕለት አድርጋው፣ ምሳው ሳይደርስ አውልቃ ያስቀመጠችው ጥቁር ጫማ ነበር። እቴቴ አውጥታ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አደረገችው፤ ከዚያ ወደ ፎቶዎቹ ተመለሰች። ያለ መስታወት የታተመውን አንዴ አይታ ተወችው። አረንጓዴው ላይ ግን ቆየች። እዚያኛው ላይ ምልክቱ ከቀለሙም በላይ ጠቁሮ፣ ዳርቻው ሁሉ ጥርት ብሎ ተጽፏል። የግቢው ቅጠል ደግሞ ዝናብ ያጠበው ይመስል በርቷል።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች እቴቴ። «ይቺን አትሚ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልጄ፣ ስንት ዓመት አውቶቡስ ላይ ነው የኖርኩት? ሰው አንድ ቀን አፍጥጦ ያያል። በማግሥቱ ‹መልሴን አምጪ› ብሎ ነው የሚጨቃጨቀኝ። ፊት የሚያስቸግረው እስኪለመድ ነው።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ ጋሼ ቤት። እንግዶቹ ዛሬ ነው የሚመጡት።»

እቴቴ ፎቶዎቹን ሰብስባ እንደ ትኬት አስተካከለቻቸው። «አውቃለሁ። ሙሽሪት በስልክ ነግራኛለች። ግን የቤቱ ባለቤት አልጠራኝም፤ ያልተጠራሁበት አልሄድም። ፎቶዬ ግን ተጠርቷል፤ እሱ ይሂድ።»

ሚጣ የድሮውን ፎቶ በጨርቁ ጠቅልላ ይዛ ወደ ፎቶ ቤቷ ስትመለስ እርምጃዋ ተለውጦ ነበር። የአባባን አረንጓዴ ከፈተች፤ ዝም ብላም አልተወችው፤ ነጩ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጥልፉ እንዳይጠፋ ብርሃኑን ትንሽ ያዝ አደረገችው፣ የጋሼን ግንባር ከላብ ወዝ አዳነችው፣ የአባቷን ፊልም የሚያስታውሰውን ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር በስሱ ነሰነሰችበት። የእቴቴን ጉንጭ አልነካችውም። ማተሚያው ወረቀቱን ቀስ እያለ ሲተፋው በመጀመሪያ ቅጠሉ ወጣ፣ ከዚያ ራሶቹ፣ ከዚያ መሃል ላይ እቴቴ እንደ ዳኛ ተቀምጣ። ሚጣ ለብቻዋ ጮክ ብላ «አባባ፣ ይኼንንስ አንተም አላነሳኸውም» አለች፤ ደስ አላት።

የጋሼ ሳሎን ከሱቁ የተረፈ ሴራሚክ ሁሉ የተነጠፈበት ነው፤ ሰው ሲራመድበት ጫማው ይጮኻል። ምስማሩ ግድግዳው ላይ ተመትቶ ይጠብቃል። ጋሼ መጠቅለያውን ቀዶ ፎቶውን ሲያይ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ሚጣ! ምን ብዬሽ ነበር?»

ሚጣ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ፎቶው ፊት ቆመች። አረንጓዴው መስታወት ቀዩን ቀሚሷን ጥቁር ከፋይ አስመስሎታል፤ ወገቧን ሰብሰብ አድርጎ፣ ከንፈሯን አድምቆ፣ ሌላ ሴት አድርጓታል።

«እኔ ነኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ይኼን ያህል ከስቻለሁ እንዴ?»

«አንቺን ማን ጠየቀ? ጉንጯን አታዪም?» አለ ጋሼ።

ሚስትየዋ ጉንጩን አየችው። ቀሚሷን አየችው። የትኛው ከበዳት እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ስቀለው» አለች። «ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ ባዶ ምስማር ልታሳያቸው ነው?» ትሪዋን ይዛ ሄደች።

ጋሼ ፎቶውን ሰቀለው፤ ሲሰቅለው ግን ቅር እያለው ነበር። ሚጣ ያን ጊዜ ከቦርሳዋ ጨርቁን አውጥታ የድሮውን ፎቶ ሰጠችው።

«አባባ ደመና ይወድ ነበር፤ ቀዩን መስታወት የሚገጥመው ለሰማዩ ነው። የእቴቴ ጉንጭ መጥፋቱን እሷ እስክትነግረው አላየውም። ጋሼ፣ አባባ አላፈረባትም። አንተም አታፍርባትም ነበር፤ ይኸው።»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየው። አውራ ጣቱ በክፈፉ መስታወት ላይ፣ በዚያች ትንሽ መዳፍ ዙሪያ፣ ሄደች ተመለሰች። አንድ ጊዜ ብቻ «ይሞቅ ነበር» አለ፤ ለሚጣ ይሁን ለራሱ አልታወቀም። ደወሉ ሲደወል ክፈፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ለሁሉም በሚታይበት፣ አቁሞ በሩን ሊከፍት ሄደ።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ የሙሽራው አባትና እናት ገቡ፤ ከሁሉም ኋላ በከዘራ የልጁ አያት ገቡ። ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ ሴራሚኩ ተወራ፣ «ይቀመጡ እማማ» ተባለ። አሮጊቷ ግን አልተቀመጡም። ከዘራቸው ወለሉ ላይ ቋ ቋ እያለ ፎቶው ድረስ ሄዱ፤ ተራ በተራ ካዩ በኋላ ጣታቸውን መሃል ላይ፣ ልክ የእቴቴ ጉንጭ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ማን ናት?»

ሚስትየዋ ብርጭቆዎቹን እንደ አዲስ መደርደር ጀመረች። ሙሽሪት አባቷን አየችው። ሚጣ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ «የሩቅ ዘመድ» ለማለት አፉ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ታውቃለች። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ክፈፍ አንዴ አየ።

«እሷ ናት ያሳደገችኝ» አለ። «እናቴ ማለት ናት።»

«ታዲያ በሰርጉ ለምን አላየናትም? እኔ የሰው ፊት አልረሳም፤ ይኼን ፊት ደግሞ አይቼው ቢሆን አልረሳውም ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጋሼ። ልብሱን ነካካ፣ ስልኩን አወጣ፣ እንደ ልማዱ ድምጽ ማጉያውን ከፈተው፤ የከፈተው መሆኑንም ልብ አላለም። ስልኩ አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

«እቴቴ» አለ ጋሼ። «እንግዶቹ አንቺን እያሉ ነው። እኔም... እኔም አንቺን እላለሁ። መጥቼ ልውሰድሽ?»

«ምን አስቆየህ?» አለች እቴቴ፣ ሳሎኑ ሁሉ እየሰማት። «ጫማዬን አድርጌ ተቀምጫለሁ።»